የማናውቀው ገበታ፣ ያልሰማነው ቀልድ

እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣውን «ሃሪ ሳሊን ሲያገኛት» የተሰኘ የአሜሪካ ፊልም ያየ የአገሬ ሰው፣ በመሐል የምትመጣውን አንዲት አጭር ቀልድ የሚረሳት አይመስለኝም። ሃሪ የተባለው ገጸ ባሕሪ ስለ ኢትዮጵያ ምግብ ቤት ያነሣና፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ምግብ መኖሩን እንደማያውቅ፣ እንዲህ ከሆነ ሁለት ባዶ ሳሕን አዝዞ ቶሎ መሄድ እንደሚቻል ይናገራል። ከ8 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1997፣ «ሳውዝ ፓርክ» የተባለው የካርቱን ተከታታይ ደግሞ አንድ የተራበ ኢትዮጵያዊ ሕፃን አሜሪካ ድረስ አምጥቶ ተመልካች እንዲስቅበት አደረገ። በእነዚያ ዓመታት እዚህ አገር ትምህርት ቤት የዋለ፣ ወይም ሆቴልና ፓርኪንግ ውስጥ የሠራ ሁሉ የዚህን ቀልድ ልዩ ልዩ ቅጂዎች ጠግቦ ሰምቷል። ብዙዎቻችን ጥርሳችንን ነክሰን አልፈነዋል፤ አንዳንዶቻችንም ተጣልተንበታል።

ለመሆኑ ያኔ ያናደደን ምን ነበር? ረሃቡ ውሸት ስለሆነ አይደለም። የ1977ቱ ረሃብ እውነት ነበር፤ ዘመድ የቀበርንበት ነው። የሚያናድደው፣ ቀልደኛው ስለ እኛ የሚያውቀው ያንን ብቻ መሆኑ ነበር። ሽሮን ከምስር አይለይም፣ ስለ ጾምና ፍስክ አልሰማም፣ በአንድ ትሪ ዙሪያ መጎራረስ ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም። ገበታችንን ስላላየ በሆዳችን ሳቀ። እኛ የምንስቅበት ነገር መኖሩንም ለአፍታ አላሰበም።

እስቲ አሁን ይህንኑ መለኪያ ወደ ራሳችን እናዙረው። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ለሩብ ምዕተ ዓመት ስኖር ከሰማኋቸው የአገር ቤት ቀልዶች ውስጥ ብዛት ያላቸው የጉራጌን፣ የኦሮሞን፣ የወላይታን፣ የትግሬን፣ የሶማሌን አማርኛ የሚያስመስሉ ናቸው። የጉራጌውን ባለሱቅ አነጋገር ማስመሰል የማይችል የአዲስ አበባ ልጅ የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ጉራጌው ከዘመዱ ጋር ተቀምጦ በጉራጊኛ ሲጫወት በምን እንደሚስቅ የሚነግረኝን አማርኛ ተናጋሪ ፈልጌ ሁለት ሰው አላገኘሁም። ይህ ጽሑፍ ስለዚህ ክፍተት ነው፤ ስለ ገበታውና ስለ ቀልዱ አብሬ የምጽፈውም፣ በእኔ እምነት አንዱ የሌላውን ምሥጢር ስለሚያወጣ ነው።

ከምግቡ ልጀምር። ዋሽንግተን ውስጥ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ምግብ ቤት እየተባለ የሚጠቀሰው «ማማ ደስታ» እ.ኤ.አ. በ1978 ጆርጂያ ጎዳና ላይ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ተከፈተ፣ ስንቱ ተዘጋ! ሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. በ2002 ፌርፋክስ ላይ ላለው ሠፈር «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚል ስም እስከ መስጠት ደርሳለች። ሜኑው ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። ጥብስ፣ ዶሮ ወጥ፣ ክትፎ፣ አልጫ፣ ምስር፣ ጎመን፣ በያይነቱ። አንድ ፈረንጅ አሥር የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ቢዞር አሥር ጊዜ አንዱን ገበታ ይበላል፤ ከዚያም የኢትዮጵያን ምግብ አውቃለሁ ይላል። እኛም አዎ ታውቃለህ እንለዋለን።

እዚህ ላይ አንዳንድ ወገኖች ቸኩለው «ይህማ የአማራ ገበታ ነው፣ በሌላው ላይ ተጭኖ ነው» ሊሉ ይችላሉ። ይህም ልክ አይደለም። ጎጃም ውስጥ በዳጉሳ እንጀራ ያደገ ገበሬ ይህንን ሜኑ ቢያይ የእኔ ነው የሚል አይመስለኝም። ነጭ ማኛ በዓመት ስንት ቀን ይበላ እንደነበር እሱው ያውቀዋል። ደረቆት፣ ጭኮ፣ የገብስ ቂጣ፣ ቦርዴ በዋሽንግተን ሜኑ ላይ የሉም። ይህ ገበታ የአዲስ አበባ ሆቴሎችና የደህና ቤት የበዓል ገበታ ነው፤ ከተማው ለእንግዳ ልበስ ብሎ ያለበሰን ነጠላ ነው ብንል ይቀላል። ስለዚህ አማራውም የራሱን ገጠር ገበታ ከሜኑው ውጭ ትቶ ነው የመጣው። ልዩነቱ፣ እሱ ቢያንስ ቋንቋውን ሜኑው ላይ ያገኘዋል።

ወደ እንሰት ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። ጉራጌ፣ ሲዳማ፣ ጌዴኦ፣ ሐዲያ፣ ከምባታ፣ ወላይታ፣ ጋሞ፣ ካፋ፣ ሸካ እያልን ብንቆጥር፣ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በዚህ ተክል ይኖራል ይባላል። ፈረንጆቹ «የሐሰት ሙዝ» ብለውታል። ሙዝ ይመስላል፣ ግን የሚበላ ፍሬ አይሰጥም፣ ስለዚህ ሐሰተኛ ነው! አንድን ነገር በሌለው ነገር መሰየም ማለት ይህ ነው። ለሲዳማዋ እናት ሙዙ ይሆናል የሐሰት እንሰቱ። ተክሉ ለምግብ እስኪደርስ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። ሲደርስ ግንዱ ይፋቃል፣ የተፋቀው በእንሰት ቅጠል ተሸፋፍኖ ጉድጓድ ውስጥ ለወራት ይብላላል፤ ያ ቆጮ ነው። ከጭማቂው የሚዘቅጠው ነጩ ዱቄት ቡላ ነው። ሥሩ ተቀቅሎ እንደ ድንች የሚበላው ደግሞ አምቾ። አብዛኛው ድካም የሴቶች ነው። የ1977ቱ ድርቅ ሰሜኑን ባረገፈ ጊዜ የእንሰት አገር ያን ያህል ሳይጎዳ ያለፈው ይህ ተክል ድርቅን ስለሚችልና ጓሮ ውስጥ ቆሞ እንደ ጎተራ ስለሚጠብቅ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ዓለም «ምግብ የሌለበት አገር» እያለ ሲቀልድብን፣ እዚያው አገር ውስጥ ረሃብን የሚመክት ምግብ ነበር፤ ከእኛ ከአማርኛ ተናጋሪ የተማርን ሰዎች መካከል ግን ስለ ቆጮ የምናውቀው «ይሸታል» የምትለዋን ቀልድ ነበር። እርጎ፣ እንጀራ፣ ጠላ፣ አይብ፣ ሁሉም የተብላላ ነገር ነው። ሲብላላ የማይሸት ምግብ ያለው አገር ካለ ይንገሩኝ።

«ክትፎስ?» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፣ ክትፎ ገብቷል። ከደቡብ ምግቦች ሁሉ በአዲስ አበባ በር ሰብሮ የገባው እሱ ነው፤ የገባውም በጉራጌ ነጋዴ ጉልበት ነው እንጂ በእኛ የማወቅ ጉጉት አይደለም። ግን እንዴት እንደገባ ተመልከቱ። ዋሽንግተን ላይ በአብዛኛው በእንጀራ ይቀርባል። ቆጮው ቀርቷል፣ ወይም «ልዩ» በሚል ተጨማሪ ዋጋ በጎን ይመጣል። ክትፎ የመስቀል ምግብ መሆኑ፣ ለመስቀል የአዲስ አበባ ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ አገሩ የሚገባ መሆኑ፣ ቅቤው ከወራት በፊት ተጠራቅሞ የሚነጠር መሆኑ፣ ይህ ሁሉ ሜኑው ላይ የለም። ሥጋውን ወሰድን፣ በዓሉን ተውን።

ሌላው እንኳ ያን ያህል ዕድል አላገኘም። የወለጋን አንጮቴ ስሙን የሚያውቀው ስንቱ ነው? ሲዳማዎች ለዘመን መለወጫቸው ለፍቼ ጨምበላላ የሚያቀርቡትን ቡርሳሜ፣ ማለትም ዋሳውን በቅቤ አዋሕደው በወተት የሚበሉትን፣ የቀመሰ አማርኛ ተናጋሪ ዲያስፖራ በግሌ አላጋጠመኝም፤ በዓሉን ግን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው «ኢትዮጵያችን!» ብለን ፎቶውን ተቀባብለናል። የኮንሶን ኩርኩፋ ከነሽፈራው ቅጠሉ፣ የአጋሜን ትህሎ፣ የወላይታን ዳጣ እየቆጠርኩ ገጹን መሙላት እችላለሁ፤ ዳጣ እንኳ ብልጭልጭ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ እዚህም እዚያም መታየት ጀምሯል። ሶማሌው ሩዝ በሙዝ ሲበላ አይተን የምንስቀውን ሳቅ ግን ሳላነሣ አላልፍም። በሚኒያፖሊስም በጅጅጋም ሙዝ ከባሪስ ጋር ይቀርባል፣ ጣፋጩ የሥጋውን ቅመም ያበርዳል፤ ነገሩ ይህን ያህል ነው። ዶሮ ወጥ ላይ አይብ ጨምሮ የሚበላ ሰው በዚህ የሚገረምበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ወደ ቀልዱ ልግባ። የእኔ ትውልድ የአማርኛ ኮሜዲን የተማረው በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የበዓል ዝግጅትና በካሴት ነው። ተስፋዬ ካሣ፣ ልመንህ ታደሰ፣ አለባቸው ተካ፣ እንግዳዘር ነጋ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ፤ እነዚህን ስሞች ስጽፍ ራሱ ፈገግ እላለሁ። ተሰጥኦ ያላቸው ሰዎች ነበሩ፤ በዚያ ጭንቅ ዘመን ሕዝቡን ማሳቅ ቀላል ሥራ አልነበረም። የምተቸው እነሱን ለይቼ አይደለም። ከመድረክ እስከ ጠላ ቤት፣ ከዚያም አሜሪካ ድረስ ተጉዞ የመጣውን አንድ የቀልድ ዓይነት ነው፤ የዘዬ ቀልድ የምለውን።

የዘዬ ቀልድ አሠራሩ ይህን ይመስላል። ገጸ ባሕሪው ይገባል። ገና አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ተመልካቹ ይስቃል፤ የሳቀው በተናገረው ነገር ሳይሆን በተናገረበት አማርኛ ነው። ሥራው አስቀድሞ የታወቀ ነው። ወይ ባለሱቅ፣ ወይ ሊስትሮ፣ ወይ ዘበኛ፣ ወይ ሸማኔ፣ ወይ ከገጠር የመጣ ባለጉዳይ ነው። ወንድን እንደ ሴት ይጠራል፣ ሴቷን እንደ ወንድ። ወይ ይታለላል፣ ወይ በገንዘብ ጉዳይ አታልሎ ይወጣል። ከዚያ ያበቃል። ይህ ሰው ቤት የለውም። በገዛ ቋንቋው የምታናግረው ሚስት የለችውም። እናቱን አይጠራም። ምሳ ሲበላ አይታይም! ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ራሱ ቀልድ ሲናገር ሰምተን አናውቅም። ቀልድ የሚሆን እንጂ የሚቀልድ ሰው አይደለም። እንደ ኪነ ጥበብ ስንመዝነው ስንፍና ነው፤ ጸሐፊው ማሰብ ያለበትን ሥራ የተመልካቹ ልማድ ሠርቶለታልና። አንድ ዘዬ አንድ ጊዜ ካሳቀ ሺህ ጊዜ ያስቃል ተብሎ ሃያ ሠላሳ ዓመት ተሠራበት።

«ኧረ ይህማ ተረብ ነው፣ ድሮ በፍቅር ነበር የምንተራረበው፤ ነገሩን ያበላሸው የዘር ፖለቲካ ነው» የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ። ከልባቸው የሚሉት ሰዎች አሉ፤ ከፊሉም እውነት አለው። የዘዬውን ቀልድ የሚናገረው ራሱ የዚያው ብሔረሰብ ልጅ የሆነበት ጊዜም ብዙ ነው። ነገር ግን ተረብ ሕግ አለው። እኔ ተርቤህ አንተም ትተርበኛለህ፤ ሁለታችንም የምንሰማው መሆን አለበት። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚበላሸው። እሱ የእኔን ተረብ ይሰማል፣ ምክንያቱም ሊሠራ፣ ሊማር፣ ሊከሰስ፣ ሊከስ አማርኛ ተምሯል። እኔ የእሱን አልሰማም። ስለዚህ እሱ ለዘመናት ሲተርበኝ ኖሮ ይሆናል፣ እኔ ግን በአንድ ወገን ብቻ የሚሄደውን ጨዋታ «መተራረብ» ብዬ ሰይሜዋለሁ።

ይተርበናል ወይ ካላችሁ፣ አዎ ይተርበናል። ጥቂት ዓመታት ሆኖታል፤ ከአንድ አየር ማረፊያ የታክሲ ወረፋ ላይ ቆመን አንድ የወለጋ ልጅ ለጓደኞቹ በኦሮምኛ ሲያወራ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። አማርኛ ተናጋሪዎቹ «ምንድነው እሱ፣ ንገሩን እንጂ» አልን። እያመነታ ነገረን። በድሮ ጊዜ አንድ መሬት ለካ ከከተማ ወደ ገበሬው ቤት ይመጣል። በኦሮምኛ መሬት «ለፈ» ነው፤ ድምፁ ሲረዝም «ላፋ» ይሆንና ለስላሳ ማለት ነው። ባለሥልጣኑ «መሬትህን አሳየኝ» ማለቱ ሲሆን «ለስላሳህን አሳየኝ» ብሎት ያርፈዋል። ገበሬው «እሺ ጌታዬ» ብሎ ወደ ጓዳ ይገባና አንድ ገበቴ መርቃ፣ መሐሉ ቅቤ የሞላ ገንፎ፣ ይዞ ይወጣል። ሰውዬው በልቶ፣ ጠግቦ፣ አመስግኖ ይሄዳል። መሬቱ ሳይለካ ቀረ።

ሲተረጎም ግማሹ ጨው እንደጠፋ ተራኪውም ያውቅ ነበር፤ እኛም የሳቅነው ዘግይተን ነው። ይሁንና በዚያች አጭር ቀልድ ውስጥ ያለውን አስተውሉ። በቋንቋው የሚሳሳተው እሱ ሳይሆን የእኛ ሰው ነው። የሚያታልለው ማን፣ የሚታለለው ማን እንደሆነም ተገልብጧል። የመሬት ነገር፣ መቶ ዓመት የተለቀሰበት ነገር፣ በአንድ ገበቴ ገንፎ ይፈታል። ከዚህች ቀልድ ስለ ገባርና ስለ መልከኛ የተማርኩትን ያህል ብዙ ኮንፈረንስ ላይ ተቀምጬ አልተማርኩም። (የድምፅ ርዝመቱን ለመጻፍ የትኛው ፊደል ይሻላል የሚለው ክርክር ውስጥ ዛሬ አልገባም፤ ምሳሌው ግን ክርክሩ ከየት እንደተነሣ ያሳያል።)

በሌላ ሰው ቀልድ መሳቅ በምግቡ ከመጥገብ ይከብዳል። ምግብ ቋንቋ አይጠይቅም፤ ቀልድ ሰዋስው ድረስ ይጠይቃል። ለዚህ ከራሳችን ሌላ ምሳሌ አያስፈልግም። አለቃ ገብረ ሐና አህያ እየነዳች የምትሄደዋን ሴት «እንደምን አደራችሁ» አሏት ይባላል። ይህችን ቀልድ እዚህ ለተወለደ ልጅ በእንግሊዝኛ ንገሩት። በእንግሊዝኛ አንቺም እናንተም አንድ ቃል ስለሆነ አህያዋ ከሰላምታው ውስጥ ትጠፋለች። ልጁ አይስቅም፤ ሞኝ ሆኖ ሳይሆን የሚስቅበት በር ስለሌለው ነው። እኛ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በሲዳምኛ ፊት እንደዚያ ልጅ ነን፤ ልዩነቱ፣ ልጁ አለመስማቱን ያውቃል።

ታዲያ ቀልድ ተርጉሞ የማያውቅ ሕዝብ ነን? አይደለንም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የፈረንሳዩን ሞልየርን «የፌዝ ዶክተር» ብሎ አምጥቶልናል፤ «ታርቲፍ»ንም እንዲሁ። ከዚያ በፊትም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያ የሚባለውን ዘመናዊ ቴአትራችንን «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮመዲያ»ን የጻፉት ከላ ፎንቴን ተረቶች ተነሥተው ነው፤ የመሳፍንቱን አስተዳደር ነካ ስላደረገም ታግዷል። እንግዲህ ኮሜዲያችን ሲወለድ ጀምሮ ፓሪስን ያውቃል። ጸጋዬ ደግሞ የአምቦ አካባቢ ልጅ ነው፤ ኦሮምኛን ከአማርኛ ጋር እየሰማ ያደገ ሰው። ከሁሉም በላይ የእነዚህን ሁለት ቋንቋዎች ቀልድ ሊያሻግር የሚችለው እሱ ነበር፤ ነገር ግን የዘመኑ መድረክ የጠየቀው ሞልየርንና ሼክስፒርን ነው። በጸጋዬ አልፈርድም። መድረኩ ላይ ግን እፈርዳለሁ።

ጎረቤታችን ሶማሌው «ሸበልናጎድ» የተሰኘ ቴአትር አለው፤ ሐሰን ሼኽ ሙሚን እ.ኤ.አ. በ1968 የደረሰው ነው። የይስሙላ ጋብቻ እየፈጸመ ሴቶችን የሚያታልል አንድ ቀጣፊ ሰው ታሪክ ነው፤ የሚያስቅም፣ የሚያሳዝንም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1974 በገዛ ቋንቋቸው አትመውታል። እኔ በአማርኛ አላየሁትም። ከጅጅጋ አዲስ አበባ በአንድ ቀን መኪና ይደረሳል፤ ቴአትሩ ግን ሎንዶን ደርሶ እኛ ጋ አልደረሰም።

ስለ ሶማሌ ካነሣሁ የዊል ዋልን ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። ዊል ዋል በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጅጅጋ አካባቢ የገዛ ገራድ ነው፤ በሶማሌ ዘንድ ተረቱ ብዙ ነው፣ እንደ እኛ አለቃ ገብረ ሐና ማንም ልጅ ያውቀዋል። አንድ ቀን ወንዶቹን ሰብስቦ «ሰውን ወዳጅም ጠላትም የሚያደርገውን የበግ ብልት አምጡልኝ» አላቸው። ባለጠጎቹ ጎድኑን፣ ታፋውን፣ ላቱን ይዘው መጡ። አንድ ድሀ ግን ልጁን አማከረና እሷ የበጉን ጉሮሮ ቆርጣ ሰጠችው። ድሀው በዚያ ሁሉ ሙዳ ሥጋ መካከል ያቺን የማትበላ ጉሮሮ ይዞ እያፈረ ሲቆም ይታያችሁ። መልሱ እሱ ነበር። ጉሮሮ ሲሰስት ያጣላል፣ ሲያካፍል ያስታርቃል። ሚኒሶታ ውስጥ ይህ ተረት በእንግሊዝኛ የሕፃናት መጽሐፍ ሆኖ ወጥቷል፤ አሜሪካዊ ልጆች ያነቡታል። የእኛ ልጆችም ካነበቡት የሚያነቡት በእንግሊዝኛ ነው፣ የሩቅ አገር ተረት መስሏቸው።

«እንዴት፣ በየዓመቱ ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲከበር ሁሉንም እያየን አይደለም ወይ?» ላላችሁኝ፤ አይተናል። ልብሱን አይተናል፣ ጭፈራውን አይተናል። ጭፈራ ደግሞ ከተመልካች ምንም አይጠይቅም፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማጨብጨብ ነው። በእነዚያ ሁሉ ዝግጅቶች ላይ አንድ የሲዳማ ሽማግሌ በሲዳምኛ ቀልድ ሲናገር፣ ሲተረጎም፣ ሚኒስትሮቹም ሲስቁ አላየሁም። ሰው ሲጨፍር ማየትና ሰው ሲያስብ መስማት ይለያያሉ። መንግሥት የመረጠልን የመጀመሪያውን ነው፤ ተቃዋሚው ዲያስፖራም ሲሰድበው ኖረ እንጂ ሁለተኛውን አላመጣም።

ይህ ሁሉ የቅንጦት ወሬ የሚመስለው ካለ፣ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የነበሩትን የጦርነት ዓመታት ያስታውስ። እዚህ እኛ ያለንበት ከተማ ሰው ምግብ ቤት እየለየ መብላት ጀመረ። የትግራይ ተወላጅ የሆነች የማውቃት ባለምግብ ቤት ከደንበኞቿ ብዙዎቹ ጠፉባት፤ በሌላ ወገን ደግሞ የአማራው ቤት እንዲሁ ተራቁቷል። በዚያ ሰሞን በየስልኩ ይዞር የነበረውን «ቀልድ» እዚህ አልደግመውም። የዘዬው ቀልድ ነበር፤ ያው ባለሱቅ፣ ያው ዘበኛ፣ ያው አነጋገር፤ አሁን ግን መጨረሻው ሞት ነበር። ከየትም አልመጣም። ለሠላሳ ዓመት ቤትና ገበታ የነፈግነውን ገጸ ባሕሪ ለመግደል ብዙ ማሰብ አላስፈለገም። ያቺ ሴትዮ ቅዳሜ ቅዳሜ ትህሎ ትሠራ ነበር። የገብስ ድብልብሉን በመንታ እንጨት እየወጋችሁ ወጡ ውስጥ ትነክራላችሁ፤ ለብቻ የሚበላ አይደለም፣ ከመሐል ሳህን ላይ እጅ ለእጅ እየተጋጨ የሚበላ ነው። በ2014 ተወችው። ለአንድና ለሁለት ሰው ትህሎ አይሠራም አለችኝ።

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። እኛ አገራችንን እንናፍቃለን የምንለው የምናውቃትን ቁራሽ ነው፤ ልጆቻችን ደግሞ ከዚያች ቁራሽ ላይ ቆርሰን የሰጠናቸውን። በየዓመቱ በሐምሌ መባቻ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር ይደረጋል። ኦሮሞዎችም የራሳቸው የስፖርት ፌዴሬሽን አላቸው፤ ሚኒያፖሊስ ብዙ ጊዜ ታስተናግዳቸዋለች። ሁለቱም ጋ ኳስ አለ፣ ድንኳን አለ፣ ምግብ አለ፣ ማታ ደግሞ ዘፈንና ቀልድ አለ። በአንደኛው ድንኳን ጥብስና በያይነቱ፣ በሌላኛው ጩምቦና መርቃ። ሁለቱም ቦታ የሄደ ሰው ብዙ አላውቅም። ለምን ሁለት ሆኑ የሚለው የፖለቲካ ጥያቄ ነው፣ መልሱም ረጅም ነው። ጩምቦ ለመብላት ግን የፖለቲካ ፕሮግራም መፈረም አያስፈልግም።

ለአዘጋጆቹ አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ወጪውም ቀላል ነው። በማታው መድረክ ላይ ለአንድ ቀልደኛ አሥራ አምስት ደቂቃ ይሰጠው፤ በኦሮምኛ፣ ወይም በጉራጊኛ፣ ወይም በትግርኛ፣ ወይም በሶማልኛ፣ በገዛ ቋንቋው እንጂ በተሰበረ አማርኛ አይደለም። አጠገቡ አንድ ጎበዝ አስተርጓሚ ይቁም። መጀመሪያ ከአዳራሹ አንድ ጥግ ያሉት ይስቃሉ፤ አስተርጓሚው ሲጨርስ የቀረነው እንስቃለን፣ ወይም አንስቅም። በመካከል ያለው ጸጥታ ግማሽ ደቂቃ ቢሆን ነው። በዚያች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ጥጉ ላይ የሳቁት ሰዎች ዘወር ብለው እኛን ያዩናል፣ ሳቁ እስኪደርሰን እየጠበቁ።